የሰባተኛው ሟች ስም

ወረቀቱ ለሁለተኛ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተመልሶ ሲመጣ የሳህሉ ቆሽት አረረ። ወረቀቱ አናት ላይ በቀይ ቀለም፣ «ስም ሰጪውና የዓይን ምስክሯ የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ ሟቹ አይቆጠርም» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሥሩ ፊርማ አለ፤ የማን እንደሆነ ግን የፈረመው ሰውዬ ራሱም መልሶ የሚያነበው አይመስልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖታል። በ1929 ዓ.ም. አውሮፕላኖቹ በየመንደሩ በጣሉት ቦምብ ያለቀው ሰላማዊ ሰው ስም በስም ተጽፎ ወደ አዲስ አበባ ይላክ የሚል ትእዛዝ ወርዷል። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ለዳኞች ይቀርባል ተብሏል። ሆሳዕና ከተማ ላይ ሥራው የተሰጠው ለሳህሉ ነበር። ከመንዝ የመጣ፣ እጅ ጽሕፈቱ የሚያምር፣ ትዕግስቱ ግን ለአንድ ጠዋት እንኳ የማይበቃ ጸሐፊ ነው። ሥራውን ሲቀበል ደስ ብሎት ነበር። ደስታው የቆየው ቅጹን እስኪያነብ ድረስ ነው።

ቅጹን ያዘጋጀው ሰው በሕይወቱ ቦምብ ወድቆበት አያውቅም፤ ሳህሉ ለዚህ ይምላል። አንዱ ዓምድ «የአውሮፕላኑ ቁጥር» ይላል። ሕፃን ታቅፎ ሊደበቅ ወደ ገደል የሚሮጥ ሰው ቀና ብሎ ቁጥር ያንብብ? ሌላው ደግሞ «የቦምቡ ክብደት በኪሎ» ይላል። የጠፋ ንብረት የሚሞላበት ላይ የጡብ ቤት፣ የቆርቆሮ ቤት፣ የወፍጮ መኪና ተዘርዝሯል። አገሩ በሙሉ የሚኖርበት እንሰት ግን ጭራሽ የለም። ሳህሉ «ሰማንያ እግር እንሰት» ብሎ ጠርዙ ላይ ቢጽፍ፣ ከዓምድ ውጪ መጻፍ ክልክል ነው ተብሎ ተመለሰለት።

ከምባታ ውስጥ፣ ከሀደሮ በታች ካለች አንዲት መንደር ሰባት ሰው ሞቷል። ስድስቱ ተጽፈው አልፈዋል። ሰባተኛው ከመንደሩ ዳር፣ እንሰቱ ውስጥ የሞቱ ሽማግሌ ናቸው። ሲሞቱ ያየቻቸው ምራታቸው ጣቢታ ብቻ ናት። ባሏ ዘምቶ በዚያው ቀርቷል፤ ከዚያ ቤት ከእሷ ሌላ የተረፈ የለም። ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ሆሳዕና የመጣችውም ለእኚሁ ሰው ብላ ነው።

መጀመሪያ የመጣች ዕለት ሳህሉ የሟቹን ስም ጠየቃት። ዝም አለች። ደግሞ ጠየቃት። መሬት መሬት አየች። ያልሰማችው መስሎት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች እንጂ ወይ ፍንክች። በቃ አታውቀውም ብሎ፣ «ስሙ ያልታወቀ አንድ ሽማግሌ» ሲል ጻፈና ላከ። ስም የሌለው ሰው አይቆጠርም ተብሎ ተመለሰ።

ስህተቱን የነገረው መምህር ጴጥሮስ ነው። ጴጥሮስ የከምባታ ልጅ ነው፤ በወንጌላውያን ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ጣቢታ የምትለውንም ለሳህሉ ያስተረጉማል።

«ስማቸውንማ ታውቃለች፣ አቶ ሳህሉ» አለው። «እኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። በስማቸው የመጀመሪያ ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃል እንኳ ቢሆን ትሸሸዋለች። ቢሞቱም ያው ነው።»

«እርስዎስ ያውቋቸዋል?»

«አውቃቸዋለሁ። ባፈና ይባሉ ነበር።»

ሳህሉ እፎይ ብሎ ስሙን ከጴጥሮስ፣ አሟሟቱን ከጣቢታ ወስዶ ላከ። ያ ነው እንግዲህ በቀይ ቀለም ተሞሽሮ የመጣው።

አሁን ሐሙስ ነው። የጭነት መኪናው ደጅ ቆሞ ጆንያ ይጫንበታል። ከቀትር በኋላ ወደ አዲስ አበባ ይነሳል፤ ከዚህ በኋላ ስም አንቀበልም ተብሏል። ጣቢታ ለሦስተኛ ጊዜ መጥታ በዚያችው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«እህቴ» አለ ሳህሉ፣ የቀረችውን ትዕግስት አሰባስቦ። «አንድ ቃል ናት። ከአፍሽ ካልወጣች እኚህ ሰው እንዳልሞቱ ነው የሚቆጠረው።»

ጴጥሮስ ነገራት። «ሞተዋል» አለች። «እኔ ነኝ የቀበርኳቸው።»

«መሞታቸውንማ እኔም አምኛለሁ። እነዚያን አሳምኝልኝ ነው የምልሽ።»

ነጠላዋን መልሳ አፏ ላይ አደረገች። ሳህሉ ብዕሩን አነሳ። ስሙን ከአፏ ሰጠች ብሎ ቢጽፍ ማን ያውቅበታል? «ምስክሯ ራሷ» ብሎ ጀምሮ እጁ ቆመ። ባሕር ማዶ ያሉት የጣሊያን ጠበቆች ከዚህ ሁሉ ወረቀት አንዲት ውሸት ብቻ ካገኙ፣ ስድስቱንም ይዘው ገደል ይሰዷቸዋል። የጻፈውን ሰረዘው። በቅጹ ተናደደ፣ በቀዩ ቀለም ተናደደ፣ ዞሮ ዞሮ ግን ንዴቱን ያወረደው እፊቱ በተቀመጠችው ላይ ነበር።

«ሰውየው አፈር ከለበሱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው» አለ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ አድርጎ። «አሁን ማንን ነው የምታከብሪው?»

ጴጥሮስ ይህን ማስተርጎም አልፈለገም። እሷ ግን ከድምፁ ገብቷት ኖሮ፣ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አውርዳ መናገር ጀመረች። ጴጥሮስ እግር በእግር እየተከተለ አስተረጎመላት።

«አውሮፕላኑን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። አማቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እንሰት ይኮተኩቱ ነበር። ጆሯቸው ከበድ ይላል፤ ስማቸው ከተጠራ ግን ይሰማሉ። እኔ ስማቸውን መጥራት አልቻልኩም። እንዲያው ዝም ብዬ ጮህኩ። ከማሳው ከብት የማባርር መስሏቸው ዞር አላሉም። የምንደበቅበት ገደል ሃያ እርምጃ አይሆንም ነበር። ሮጬ እጃቸውን ልይዝ ስል ቦምቡ እኔን መሬት ላይ ወረወረኝ፤ እሳቸውን ደግሞ ወሰዳቸው።»

ቀና ብላ ሳህሉን አየችው።

«ለነፍሳቸው ያልጠራሁትን ለወረቀት ጥሪው ይሉኛል፣ ጌታዬ።»

ሳህሉ አፈረ። ከልቡ አፈረ፤ ጠረጴዛውን የመታበትን እጅ የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ብዕሩን አስቀመጠና ለጴጥሮስ፣ «ይተዉት፣ መምህር። አዲስ አበባ ያሉት ከፈለጉ ያስቀሩት። ትሂድ፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አለ።

ጴጥሮስ ሲነግራት ተነሳች። ወደ ቤቷ ልትሄድ መስሏቸው ነበር። እሷ ግን የበሩን ደፍ ተሻግራ በረንዳው ላይ ቆመች፣ ፊቷን ወደ ሀደሮ አቅጣጫ አዞረች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ከዚያ ማሳ ማዶ ያለ ሰው በሚጠራበት ድምፅ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ተጣራች።

«ባፈና!»

ጆንያ የሚጭኑት ዞር አሉ። ሾፌሩ ዞር አለ። ቅቤ ይዘው ወደ ገበያ ይወርዱ የነበሩ የከምባታ ሴቶች ዞር አሉና፣ የተጠራው የማን ስም እንደሆነ ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እሷ መልስ እንደምትጠብቅ ሰው ጥቂት ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ይጻፉ» አለች።

ሳህሉ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። ያ ለሥርዓት ይጠቀምበት የነበረው ደቃቅ ጽሕፈቱ እጁ ላይ አልመጣ አለው። ባፈና ብሎ በትልልቁ ጻፈ፤ ከዓምዱ አልፎ ጠርዙ ድረስ ሄደበት። ቀዩን ቀለም አስታወሰ። ይመልሱት፣ አለ በሆዱ፣ ወረቀቱንም አጥፎ ራሱ ወደ መኪናው ይዞት ወጣ።