ጠበቃው ዝም ያለ ቀን

ሶፋ ሠሪውን ሰፈርተኛው ሁሉ «ጠበቃው» ይለዋል። ሕግ ተምሮ አይደለም። እግዚአብሔር የለም የሚል ሰው በእሱ ሱቅ ደጃፍ ካለፈ ሳይረታ ስለማይሄድ ነው ስሙ የወጣለት። ቀልደኞቹ «ፈጣሪ ሌላ ጠበቃ ለምን ይቀጥራል፣ ይሄ በነፃ እየቆመለት» ይላሉ።

የሚሠራበት ቤት ረጅምና ጠባብ ነው። ከፊት ልብሳቸው ተገፎ ሽቧቸው ያፈጠጠ አሮጌ ሶፋዎች፣ ከኋላ የስፖንጅ ክምር፣ በመስኮቱ ሥር ደግሞ የሚስቱ የስፌት መኪና። እንጨቱና ስፖንጁ የሱ፣ ልብሱ የሷ ሥራ ነው። ተከራካሪዎቹ ከሥራ ሲወጡ ጎራ ይሉና በሰው ሶፋ ላይ ተንፈላስሰው ነገር ይጀምራሉ። ከሁሉም የማይታክተው በሰፈሩ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምረው መምህር ነበር።

«ሞቶ የተመለሰ የለም» ይላል መምህሩ።

ጠበቃው በከንፈሩ የያዛቸውን ምስማሮች መዳፉ ላይ ይተፋል። «አንድ አለ። ያዩት ሰዎች አላየንም ቢሉ ነፍሳቸው ትተርፍ ነበር፤ አላሉም። ሰው እውነት መስሎት ለውሸት ሊሞት ይችላል። እሱ ራሱ ለፈጠረው ውሸት ግን፣ ውሸት መሆኑን እያወቀ፣ አንገቱን አይሰጥም።»

መምህሩ ይስቃል፣ ራሱን ያካል፣ ሌላ ጥያቄ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ይወጣል። ሚስትየው ቀና ሳትል ትሰፋለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንግዳው ከወጣ በኋላ፣ «ዛሬስ አንገቱን አስደፋኸው» አለች። ጠበቃው አድናቆት መስሎት ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለው ዋለ።

ታናሽ እህት አለችው፤ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። እናታቸው ለረጅም ጊዜ ተሠቃይታ ከሞተች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መርገጥ ትታለች። በለቅሶው ሰሞን፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ «ጋሼ፣ ያ ሁሉ ጸሎታችን የት ገባ?» ብላ ጠይቃው ነበር። እሱም እንግዳው እየሰማ ስለ መከራና ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ከሥር ከመሠረቱ አብራራላት። የተናገረው ልክ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ተነሥታ ሰሐን ልታጥብ ገባች። ከዚያ በኋላ ስለ እምነት ከሱ ጋር አንድ ቃል ተነጋግራ አታውቅም። ጠበቃው ይህንንም ከረታባቸው ክርክሮች ጋር ደመረው።

ከዚያ ሚስቱ ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ የስፖንጅ ብናኝ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ብርድ ነው ተባለ፤ በመጨረሻ ሐኪሙ ጠበቃውን ለብቻው ጠርቶ ሳንባዋ አልቋል አለውና ቤትዋ ሆና እንድትታከም ሸኛቸው። እህቱ የሕመም ማስታገሻውን ይዛ በየቀኑ ትመጣለች። ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች፣ ፀጉሯን ታበጥርላታለች። ሁለቱ ሴቶች እንደ እናት ልጅ ነበሩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጠበቃው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ብርቱካን ሲልጥ፣ ሚስቱ ዓይኗን ገለጠች።

«አንተ፣ እውነት ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ከዚህ በኋላ ያለው።»

ብርቱካኑን አስቀመጠ። ድምፁን አስተካከለ። «ይኸውልሽ፣ ያዩት ምስክሮች—»

«እሱንማ ሰምቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። ትንፋሿ ስለሚያጥራት ቃሉን እየቆራረጠች ነበር። «ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ስሰማው ኖሬያለሁ። ለመምህሩ ነው የምታወራው። እኔ የጠየቅኩህ አንተን ነው። አንተ ታምነዋለህ?»

ጠበቃው አፉን ከፈተ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሁሉም አስረዳ፣ አሳየኝ፣ መልስ ስጠኝ ይሉታል፤ እሱም መልስ አጥቶ አያውቅም። አሁን ግን አዎ ለማለት ወደ ውስጡ ሲመለስ እዚያ ተሰልፎ ያገኘው ክርክር ብቻ ሆነ። ከክርክሩ ጀርባ ምን እንዳለ ለማየት ትንሽ ጊዜ ፈለገ። እሷ ደግሞ ጊዜ የላትም። ዓይኗን ፊቱ ላይ ተክላ ጠበቀች፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ይሁን፣ ተወው» አለች። «ብርቱካኑን ብላው፣ እኔ አልፈልግም።»

በማግስቱ ጠበቃው ሙቅ ውሃ ይዞ ሲመጣ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። እህቱ ውስጥ ናት። ሚስቱ ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቃት ሰማ።

«አዎ» አለች እህቱ፣ ለአፍታ እንኳ ሳትዘገይ። «እውነት ነው፣ እህትዬ። ቀድመሽን ትሄጃለሽ እንጂ ሌላ ምንም የለም። እማዬንም ታገኛታለሽ።»

«ስፌትሽ ጠማማ ነው ትለኝ ነበር» አለች ሚስቱ። የሳቀች መሰለ። «እዚያም ልትነዘንዘኝ ነው።»

ጠበቃው ውሃው እጁ ላይ እየፈሰሰ እዚያው ክው ብሎ ቀረ። እህቱ ስትወጣ ክንዷን ይዞ ወጥ ቤት አስገባት።

«አንቺ የማታምኚውን ነገር እንዴት ትነግሪያታለሽ?»

«ቀስ በል፣ ትሰማለች።»

«በምትሞት ሰው ትቀልጃለሽ?»

እህቱ ክንዷን አስለቀቀች። ዓይኖቿ እንቅልፍ አጥተው ቀልተዋል። «ምን አጠፋሁ ጋሼ? የነገርኳት ያንተን ቃል ነው። እውነት ነው የምትለው አንተ አይደለህ? እውነት ከሆነ ምኑን ዋሸሁ?»

«ቃሉ እውነት ነው። የዋሸው አፍሽ ነው።»

«ይሁና። ያንተ አፍ ታዲያ ምን አላት?»

እህቱ አፈጠጠችበት፤ ሚስቱ የነገረቻት ነገር እንዳለ ገባው። ስድብ ጠበቀ። አልሰደበችውም፤ እንዲያውም ፊቷ ላይ ያየው ሐዘኔታ ነበር።

«ሂድና ንገራት» አለችው። «ካንተ መስማት ነው የፈለገችው። እኔ ጋ የመጣችው አንተን ስታጣ ነው።»

ሄደ። እውነቱን ለመናገር ወዲያው አልሄደም። የፈሰሰውን ውሃ ወለወለ፣ ሌላ ውሃ ጣደ፣ በር ላይ የመጣ ደንበኛ አነጋገረ። የሚለውን ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር፤ ለሚስቱ አዎ ለማለት እንኳ ንግግር ሲያዘጋጅ። ሲገባ መድኃኒቱ ይዟት ተኝታለች። ስትነቃ እነግራታለሁ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። አልነቃችም። ትንፋሿ እየራቀ ሲሄድ ጆሮዋ ላይ ተደፍቶ «እውነት ነው፣ አምናለሁ፣ ትሰሚኛለሽ? አምናለሁ» አላት፤ ደጋግሞ አላት። ጣቷ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። በነጋታው ረፋዱ ላይ አረፈች።

ከቀብር መልስ የፊዚክስ መምህሩ መጣ። ጠበቃው፣ ለወጉ ተቀምጦ የሚሄድ መስሎት ነበር፤ መምህሩ ግን ሰው ሲሳሳ ወንበሩን አስጠጋ።

«ስንከራከር ኖረናል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ ግን አንተ ልክ ሆነህ ብትገኝ ደስ ይለኛል። ሰው መጽናኛ ያስፈልገዋል።»

ጠበቃው ቀና ብሎ አየው። «መጽናኛማ እህቴ ትበቃለች። ከኔ ትበልጣለች፤ ስትዋሽ እንኳ ታጽናናለች።»

መምህሩ ሊነሣ ሲል ጠበቃው እጁን ያዘው።

«ስማኝ መምህር። ውሸት ከሆነ ሚስቴ ተታላ ሞተች። እውነት ከሆነ ደግሞ ከኔ ሳትሰማ ሞተች፤ አንድ ቀን ፊቷ እቆማለሁ። ለኔ የሚቀለኝ የትኛው ይመስልሃል? ውሸት ቢሆን ነው። ማንም አይጠይቀኝማ። አፈርና ዝምታ ብቻ።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። «ግን አይደለም። ከትናንት ጀምሮ እሷን ማግኘት እየፈራሁ ነው። ተስፋ እንዳይመስልህ፣ ፍርሃት ነው። ለካ አምን ኖሯል።»

«ሰው የሌለ ነገርም ይፈራል እኮ» አለ መምህሩ፣ ከልማድ ብዛት። ወዲያው ባልተናገርኩ ብሎ ከንፈሩን ነከሰ።

«አውቃለሁ። ማስረጃ ብዬ አላቀረብኩልህም።»

መምህሩ ትከሻውን ያዝ አድርጎት ወጣ። ከዚያ በኋላ ሲያልፍ ሰላምታ ይሰጣል እንጂ ሱቁ ገብቶ ተቀምጦ አያውቅም። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ቀሩ። ጠበቃው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወጣቶቹን እንደ ድሮው አስተምርልን ተብሎ ቆመ፤ ምስክሮቹን አነሣ፣ ባዶውን መቃብር አነሣ፣ ሁሉንም በትክክል ተናገረ። በመጨረሻ «ይህን ሁሉ እኔም አውቀው ነበር። ቤታችሁ ስትገቡ ለእናታችሁ፣ ለሚስታችሁ፣ አምናለሁ በሏቸው። ሳይጠይቋችሁ በሏቸው» አለና ወረደ። ሐዘኑ ገና አልወጣለትም ተባለ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሰው ተመደበ።

አሁን እህቱ ብቻ አዘውትራ ትመጣለች። ምሳ ይዛ ትመጣና እሱ ሲበላ አጠገቡ ትቀመጣለች። አንድ ቀን እሱ ወንበር ላይ ጨርቅ ሲወጥር፣ እሷ ጫፉን ይዛለት፣ ድንገት ጠየቀችው።

«ያን ቀን አጥፍቻለሁ?»

«አዎ» አለ ጠበቃው።

ጨርቁን አጥብቃ ያዘች። «ባልነግራት ይሻል ነበር?»

ምስማሩን እንጨቱ ላይ አቆመ፤ መዶሻው ግን አየር ላይ ቀረ። መልሱን ያውቀዋል፤ ማውጣቱ ነበር የከበደው።

«አይሻልም» አላት።

እሷ ያዘችለት፣ እሱ መታ።