እናቷ ዘንድ ያለ ስም

ባህር ዛፍ አልወድም። ይህን ለጓድ ወርቅአገኘሁ ገና ከመኪና እንደ ወረደ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ ነግሬዋለሁ። እሱ ከአውራጃው የተላከ የደን ባለሙያ ነበር፤ በብብቱ የተጠቀለለ ፕላን ይዟል። ዘርግቶ ሲያሳየኝ ከዳር እስከ ዳር ባህር ዛፍ ነው። መሀል ላይ ኮከብ ያለበት የሲሚንቶ ሐውልት፣ ከመኪናው መንገድ እስከ ሐውልቱ ድረስ ቀጥ ያለ ሰፊ መተላለፊያ፣ በግራና በቀኙ እንደ ወታደር የተሰለፈ ዛፍ። የድርቅ ሰለባዎች መታሰቢያ ደን ይባላል አለኝ። ለመስከረም ሁለት፣ ለአስራ ሁለተኛው የአብዮት በዓል መድረስ አለበት። ጊዜው ሰኔ ሰባ ስምንት ነበር።

ቦታው ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለ ተዳፋት ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የረሃብተኞች መጠለያው እዚያ ነበር። እኔ ሥራዬ ድንጋይ ጠራቢነት ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ድንጋይ የሚያስጠርብ ሰው ስላልነበረ በራሽን ስንዴ መቃብር ስቆፍር ከረምኩ። እያንዳንዱን ጉድጓድ አውቀዋለሁ። መዝጋቢው የሟቹን ስም በተራ ይጽፋል፣ እኛም በዚያው ተራ እንቀብራለን። ትልልቆቹን ከታች፣ ልጆቹን ከላይ፣ ጎርፍ በማይደርስበት እርከን ላይ። በጠቅላላው መቶ ሰማንያ ሦስት ሰው ነው።

ወርቅአገኘሁ ገመድ ወጥሮ ችካል ሲተክል ተከተልኩት። መተላለፊያው ቀጥ ብሎ ወጥቶ የልጆቹን እርከን ለሁለት ሊከፍለው ሆነ። ገመዱን ረገጥኩበት። በእነዚህ ልጆች ላይ ባለሥልጣን አይራመድም አልኩት። ፕላኑ ጸድቋል ብሎ ማኅተሙን አሳየኝ። ማኅተሙን ለአውራጃው አሳይ፣ እኔ የማወራህ ስለ ልጆች ነው አልኩት። ቁጡ ነኝ፤ ባለቤቴም ነፍሷን ይማርና ይህን ስትነግረኝ ነው የኖረችው። ልጁ ግን ክፉ አልነበረም። እርከኑ ራስ ላይ ብዙ ከቆመ በኋላ ከኪሱ ላጲስ አውጥቶ መንገዱን አጠፋና ልጆቹን ዞሮ እንዲያልፍ አድርጎ ሳለው። ባህር ዛፉንም ወደ ታች፣ ወደ ቦረቦሩ አወረደልኝ። እኔ ደግሞ ለልጆቹ ራስጌ የሚሆን የጽድ ችግኝ ከይምርሐነ ክርስቶስ ካህናት ለምኜ አመጣሁ።

ክረምቱን ሙሉ ስም ስጠርብ ከረምኩ። በየመቃብሩ ራስጌ አንድ ትንሽ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ ስም። እኛ አገር ስም ዝም ብሎ አይወጣም። እናት በዚያን ዕለት በልቧ ያደረውን ነው በልጇ ላይ የምታስቀምጠው። ሙሉሃብት የተወለደው ጎተራው ሞልቶ በነበረ ዓመት ነው። ጋሻዬን እንዲያ ብላ የጠራችው ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ሌላ የሚከልላት አልነበራትም። ይማርሽ የመጣችው እናቷ በምጥ ሦስት ቀን ከቆየች በኋላ ሲሆን፣ የጎረቤት ሴቶች ሲጸልዩ የነበረው ቃል ነው ስም ሆኖ የቀረው። እኔንም እናቴ ከፋለ ያለችኝ ከእኔ በፊት የሞተባትን ወንድሜን እግዜር የካሳት መስሏት ነው፤ ካሳ መሆኔን አንዳንዴ እጠራጠራለሁ። እና አንድ ስም ስጠርብ አንዲት እናት አራስ ቤት ሆና ስታስብ ትታየኛለች፣ እጄም ይዘገያል። ወርቅአገኘሁ ሲያጣድፈኝ፣ አባትህ ልጅ አግኝቶ ወርቅ አገኘሁ ያለው ተጣድፎ ይመስልሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና ተወኝ።

የክርስትና ስም ደግሞ ሌላ ነው። እሱን ካህኑ፣ ወላጅና የክርስትና እናት ናቸው የሚያውቁት፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ያስደግምበታል ስለሚባል ለባዳ አይነገርም። ሰው ሲሞት ግን ፍትሐት የሚደረስለት በዚያ ስም ነው።

በልጆቹ እርከን ሰባተኛዋ ድንጋይ ባዶ ነበረች። መዝገቡ «ሴት ልጅ፣ ሰባት ዓመት ገደማ፣ ስም» ይልና ሰረዝ አለው። ወርቅአገኘሁ «ያልታወቀች» ብለው ይጻፉበት አለኝ። አልጽፍም አልኩት። ለበዓሉ ባዶ ድንጋይ ሊቆም አይችልም፣ ወይ ይጻፉበት ወይ ያንሱት፣ በኋላ የሚጠየቀው እኔ ነኝ አለ። እንደ ሌላው ጊዜ አልተቆጣሁም። ምክንያቱን ለእሱ መንገር አልፈለግሁም፤ ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ።

ልጅቱን በሕይወት እያለች አውቃታለሁ። ብቻዋን ነበረች፣ ከድንኳኑ ጥግ፣ በአንዲት አሮጌ ነጠላ ተጠቅልላ። መዝጋቢው የሌላ አገር ሰው ስለነበር፣ አንተ ያገሯ ሰው ነህና ስሟን ጠይቅልኝ አለኝ። ጠየቅኋት፣ ዝም አለች። በማግሥቱም ጠየቅኋት፣ ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ስድስት ጉድጓድ ቆፍሬ ነበር የመጣሁት። ስም የለሽም ወይ፣ እናትሽ ሳትሰይምሽ ነው የጣለችሽ ወይ ብዬ ጮህኩባት። ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች። ድምፅዋ እየተቆራረጠ መለሰችልኝ።

«እማዬ ስትመጣ እሷን ጠይቁ።»

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። በሁለተኛው ቀን ቀበርኋት። ስንገንዛት አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ አየሁ፤ ጥቁር ክር ነው፣ ሦስት ቦታ ተቋጥሯል። አባ ወልደ ኪዳን ለፍትሐቱ የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። ምን እላቸዋለሁ? ቀና ብለው «ስሟን አንተ ታውቀዋለህ» አሉ ወደ ላይ፣ ጸሎቱንም ቀጠሉ። ለሞት በተቃረበች ልጅ ላይ መጮኼን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ። ያፍራል ሰው።

ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት አንዲት ሴት በሙጃ በኩል መጣች። ደብሪቱ እባላለሁ አለች። ከወለጋ ሰፈራ አምልጣ፣ በጎጃም አቋርጣ በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጫማ በሌለው እግሯ ላይ ያልቆሰለ ቦታ አልነበረም። ታሪኳን ቁማ ነገረችኝ። በሰባ ሰባት የደከመች ልጇን ለልጆች ገንፎ የሚሰጥበት መጠለያ ውስጥ ትታ፣ የቀራትን ጋቢ ሸጣ እህል ልታመጣ ሙጃ ገበያ ወረደች። ገበያው ለሰፈራ ሰው በሚያፍሱ ወታደሮች ተከበበ። ከሌላው ሰው ጋር ወደ መኪና ሲያወጧት ልጄን ብላ ብትጮህ የሰማት አልነበረም። በኋላ አንዳንድ ልጆች ደሴ ወደሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ መወሰዳቸውን ሰማች። አሁን የመጣችው ልጇ እዚህ ከተቀበሩት ውስጥ መኖር አለመኖሯን አውቃ፣ ከሌለች ደሴ ልትወርድ ነው።

ድንጋዮቹን እንዳነብላት ለመነችኝ። ማንን ልፈልግልሽ ብላት ስም አልጠራችም።

«አንቱ ብቻ አንብቡልኝ» አለች። «እኔ ስሰማ አውቃታለሁ።»

ከታች ጀምሬ አነበብኩላት። በያንዳንዱ ስም ላይ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ከዚያ ነፍስ ይማር ትላለች። ልጆቹ እርከን ላይ ስንደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሰባተኛዋን አለፍኳት። ይቺስ ብላ ጠየቀችኝ። ገና አልተጻፈባትም አልኳት። ውሸት አልነበረም፣ ግን ፈርቼ ነው ያልኩት።

የመጨረሻውን ድንጋይ ሳነብላት ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። የለችም፣ ልጄ እዚህ የለችም፣ ተመስገን አለች። ትከሻዬን ሳመችኝ። ያን ያህል የተደሰተ ሰው ካየሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ልተዋት ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ የማሳደጊያ በር ስታንኳኳ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ስትሄድ፣ ባየቻት ልጅ ሁሉ ላይ ስታፈጥ አረጅታ ታየችኝ። ይቺ ልጅስ ብትሆን ልጇ መሆኗን በምን አውቃለሁ? ጥቅልሏን ልታነሳ ስታጎነብስ ግን ማተቧ ከቀሚሷ ወጣ። ሦስት ቦታ ተቋጥሯል።

ቋጠሮው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«የቀበርኳቸው ልጆች ናቸዋ፤ ሦስት» አለች። «ለቀረችኝም እንዲሁ አስሬላታለሁ። ሞት ቆጥሮ ይበቃል እንዲል።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጇን ስትለያት ምን እንዳለቻት ጠየቅሁ። በኩራት ነበር የጀመረችልኝ።

«ስምሽን ለጻፊ እንዳትነግሪ አልኳት። የተጻፈ ሁሉ በመኪና ይጫናል ሲባል ሰምቼ ነበራ። የቤትሽንም፣ የክርስትናሽንም፤ የጠየቀሽን ሁሉ እማዬ ስትመጣ እሷን ጠይቁ በይ አልኳት። ለሁለት ቀን እኮ ነው። እኔ ስቀርማ ትነግራቸዋለች፤ ሕፃን አይደለች፣ እስከ መቼ ችላ...»

ቃሏ እዚያ ላይ ቆመ። ዞራ ባዶዋን ድንጋይ አየች።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገርኳት። ሦስት ቀን መጠየቄን፣ መጮኼን፣ ምን ብዬ እንደ ጮህኩ ሳይቀር። እንድትረግመኝ ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጣ መዳፏን ጫነችበት፤ ጥላው ቦረቦሩ እስኪደርስ አልተነሳችም። አላለቀሰችም። በመጨረሻ፣ ለመስማት እስኪያዳግት ድረስ ዝቅ ብላ፣ «አልነገረችማ» አለች። ደግማም «አልነገረችም» አለች።

«እናቴን ጠይቁ ብላኛለች» አልኳት። «ይኸው ጠየቅሁሽ።»

በማግሥቱ ጠዋት አባ ወልደ ኪዳንን ይዛ መጣች። ነጠላዋን በራሷና በእሳቸው ራስ ላይ ዘርግታ በጆሯቸው ተናገረች። እሳቸውም ዘግይቶ የመጣውን ፍትሐት ደረሱ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር።

ወርቅአገኘሁም ነገሩን ሰምቶ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ስሟ በትልቁ ይጻፍ፣ ከሁሉም ድንጋይ በላይ በጉልህ ይጻፍ አላት። ደግነት መሆኑ ነው። መሮዬን አዘጋጀሁ። ደብሪቱ እጄን ያዘችኝ።

«ለጻፊ አትንገሪ ብያት ነፍሷ እስኪወጣ አልነገረችም» አለች። «አሁን እኔው ላጽፍባት? በምን ፊቴ አገኛታለሁ?»

ወርቅአገኘሁ ባርኔጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በራስጌዋ ለጽድ ችግኝ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ፤ ጽዱን ሦስታችን ተከልን። ደብሪቱ አፈሩን በእጇ ጠቅጥቃ አንገቷን ዳበሰች፣ ማተቧንም አውጥታ አራተኛ ቋጠሮ ቋጠረችበት።

መስከረም ሁለት ባለሥልጣኖቹ መጡ። በጠማማው መንገድ፣ ልጆቹን ዞረው አለፉ። አንደኛው ባዶዋ ድንጋይ ፊት ቆሞ ይህ ለምን አልተጻፈበትም ብሎ ጠየቀ። ወርቅአገኘሁ ሲመልስ ላቡ በግንባሩ ላይ ይታየኝ ነበር። «ስሟ እናቷ ዘንድ ነው፣ ጓድ» አለ። ሰውየው ወደ ሐውልቱ አለፈ።

ሐውልቱ አሁን ተሰንጥቋል፤ ሲሚንቶው በአሸዋ የበዛ ነበር። ጽዷ ግን ይዛለች፣ ከእኔ ቁመት በልጣለች። አላፊ አግዳሚው ያቺ ያልተጻፈባት ድንጋይ የማን ናት ይለኛል። የቤት ስሟን እኔም አላውቅ። የክርስትና ስሟን ግን ያን ጠዋት አባ ወልደ ኪዳን ነፍሰ አመትከ፣ የባሪያህን የእገሊትን ነፍስ፣ ብለው ሲጠሩት ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ፤ አንዴ ጮኼባታለሁና ከዚያ ወዲህ በየጸሎቴ ቀስ ብዬ እጠራታለሁ። እናንተም ማን ነበረች ትሉኝ ይሆናል። እናቷን ጠይቁ።