የተካፈሏት ፀሐይ

ባልና ሚስት ጎረቤቶቼ ሲነጋገሩ በግድግዳ በኩል ከሰማሁ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ግማሹ ከልቤ ጠፍቷል። እርሱ፣ «መሬቱን ለሁለቱ ልጆች እኩል ቆርጬ እሰጣለሁ፤ ጠብ አይኖርም» አለ። እርሷ ሳቀችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ መቁረጥ ከለመዱ...» አለች። የቀረውን አልያዝኩትም።

ሁለቱም አለፉ፣ ነፍስ ይማር። ልጆቹም በድንበር ድንጋይ ሰበብ ተኮራረፉ። ዘንድሮ የገበሬዎች ማኅበሩ በፀሐይ የሚሠራ አንድ ትንሽ የእጅ ማረሻ፣ ከአንድ ባትሪና ከአራት የፀሐይ ሰሌዳ ጋር፣ ለሁለቱ በጋራ ሰጣቸው። ማረሻውን በተራ ሊጠቀሙበት በሽማግሌ ተስማሙ። ሰሌዳዎቹን ግን እንደ ርስት ተካፈሏቸው፤ ሁለቱ በታላቅየው ጣሪያ ላይ፣ ሁለቱ በታናሽየው ጣሪያ ላይ ወጡ።

በሬዎቹን የሸጠው ታላቅየው ቀድሞ ጀመረ። ማረሻው ማሳውን ሳያጋምስ ቀጥ አለ። ድምፅ ስለሌለው መቆሙን ያወቀው እጀታው ላይ ሲደፋ ነው።

«ገለባ አብሉት!» አለች የታናሽየው ሚስት ከማዶ።

ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ ዘሩን ከቀደመው ዓመቱ ባከነ ማለት ነው።

የማኅበሩ ባለሙያ መጥታ የታላቅየው ጣሪያ ላይ ወጣች።

«አባባ፣ ሌሎቹ ሁለቱስ?»

«የእርሱ ድርሻ ናቸው» አለ፣ በአገጩ ወደ ማዶ እያመለከተ።

«ፀሐይንም ተካፈላችሁ? አራቱ ካልተገጣጠሙ ባትሪው በአንድ ቀን አይሞላም። የእርስዎ ጣሪያ ደግሞ ከቀትር በኋላ ጥላ ያርፍበታል። የወንድምዎ ይሻላል።»

«እርሱ ጣሪያ ላይ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

«ሙት እንግዲህ» አለች ሚስቱ ዘሩን እያበጠረች፤ «ከመሞትህ በፊት ግን ይቺን ዝራልኝ።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። እርሱ ምላጩን ጉሮሮው ላይ ይዞ ቆየ። ፀሐይ ለክፉም ለደጉም እኩል ትወጣለች፤ ደመናም እንዲሁ።

ታናሽየው ማንም ሳይጠራው መሰላል ተሸክሞ ድንበሩ ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ልያዝልህ?»

ታላቅየው ደመናውን አየ፤ ከዚያ መሰላሉን።

«ሲሞላ የማርሰው እኔ ነኝ። ተራዬ አላለቀም።»

«ማን ከለከለህ!»

«ሰሌዳዎቹን እንዳትጥላቸው ታዲያ።»

የድንበሩ ድንጋይ ካለበት አልተነቃነቀም። ታላቅየው ግን ሁለቱን ሰሌዳዎች አውርዶ በወንድሙ ጣሪያ ላይ ሊተክላቸው እሺ አለ።