የሃያ ዙር ዋጋ

«ከስምንት መቶ አሥራ ሁለቱ ዶላር ስንቱን ማውጣት እችላለሁ?» ብላ መንበረ በእንግሊዝኛ ጻፈች፤ ጓንቷን አውልቃ በብብቷ ይዛዋለች።

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ በምትሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ቆማለች። ከኋላዋ ማድረቂያው የሽማግሌዎቹን አንሶላ ያንገላታል። የምትጫወትበት ካዚኖ ስልኳ ውስጥ ነው፤ ቢሮው የት አገር እንዳለ እንኳ አታውቅም። የሚያናግራት ሰው ግን አሌክስ እባላለሁ ብሏታል፤ ሰውም ይሁን ማሽን።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መንበረ!» ብሎ መለሰ። «ገንዘቡ የመጣው ከፍሪ ስፒን፣ ከነፃ ዙር ስለሆነ፣ መጀመሪያ አርባ እጥፉን መጫወት ይጠበቅብሻል። ያንን ከጨረስሽ በኋላ እስከ ሃምሳ ዶላር ማውጣት ትችያለሽ። መልካም ዕድል!»

ሁለቴ አነበበችው። አርባ እጥፉ ከሠላሳ ሁለት ሺህ ዶላር በላይ ነው። ያን ሁሉ ብር አሽከርክራ ስታበቃ፣ ያውም አንዳች ነገር ከተረፋት፣ ሃምሳ። ስትመዘገብ በነፃ የሰጧት ሃምሳ ዙርም አንዱ ዙር አሥር ሳንቲም ነበር። የተሰጣት አምስት ዶላር ነው ለካ።

ያሳሰባት ገንዘቡ አልነበረም። ያለፈው ረቡዕ፣ ሪችመንድ ከተማ በሚኖረው በህዝቅያስ ቤት በነበረው የጸሎት ኅብረት፣ የምስክርነት ሰዓት ላይ ተነስታ ስልኳን ለሁሉም አሳይታለች። «አንድ ሳንቲም ሳላወጣ! ጌታ መንገድ ሲከፍት እንዲህ ነው» ብላለች። ሃሌሉያ ተብሏል፤ እልል ተብሏል። አስራት ቀድሞ ይወጣል ስትባል ስላደገች፣ ያልተቀበለችውን ገንዘብ አስራት፣ ሰማንያ አንድ ዶላር፣ ከራሷ ቦርሳ አውጥታ ሰጥታለች። ሰው ሁሉ ጫማውን እያደረገ ሲወጣ ጋሼ ደምሴ በሩ ላይ ጠበቋት።

«መኒዬ፣ ያንን ነገር ለእኔም ላኪልኝ እስቲ» አሏት።

የመመዝገቢያውን ሊንክ ላከችላቸው።

ስልኳ ጮኸ። ራሳቸው ናቸው።

«መኒ፣ ገንዘቤ አልወጣ አለኝ።»

«የትኛው ገንዘብ? እርስዎ ደግሞ ምን ገንዘብ አስገቡ?»

«የቤቱን ነዋ። ኤል ሴሪቶ መጥቻለሁ፣ የምከራይበት ሕንፃ በር ላይ ቁጭ ብያለሁ። ከሰዓት በኋላ እስከ አራት ሰዓት ካልከፈልኩ ክፍሉን ለሚቀጥለው ሰው ይሰጡታል።»

ወዲያው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ የሥራ ባልደረባዋ ሳሌም የምሳ ጋሪ እየገፋች አገኘቻት።

«ሳሊዬ፣ እስክመለስ ከቨር አድርጊልኝ።»

«የብሬክሽ ሰዓት ገና ነው እኮ! ደሞ ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም» አለች መንበረ።

ጋሼ ደምሴ ከሳን ሆሴ በባቡር ነው የመጡት። እዚያ ሴት ልጃቸው ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ከተኙ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ቤቱ አልከፋባቸውም፤ ነገር ግን የልጅ ልጆቻቸው ቴሌቪዥን ለማየት እሳቸው እስኪነሱ ቆመው ሲጠብቁ ማየት አቅቷቸዋል። አማቻቸው ቀና ሰው ነው፤ ብቻ በቅርቡ ገብቶ ሲወጣ ሰላም ማለት ትቷል። ለአረጋውያን በተሠራው ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል ለማግኘት ተራ ይዘው ጠብቀው፣ በመጨረሻ ተራቸው ደረሰ።

ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ መኪናዋን አቁማ ስትሻገር፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየቻቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ክራቫትም አስረዋል።

«ለውሉ ፊርማ ነው የለበስኩት» አሉ፣ ዓይኗን ተከትለው። «በይ ነይ፣ እይው። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ይላል። ከዚያ ውስጥ ለቤቱ ኪራይ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ስንት አስገቡ?»

«አንድ ሺህ አራት መቶ። አምስት መቶ ጎደለኝ። ልጄን ብጠይቅ ባሏ ይሰማል። ታዲያ አንቺ በነፃ ያሸነፍሽውን ሳስብ፣ አምስት መቶ ምን አላት ብዬ…» ስልኩን ዘረጉላት። «ሁለት መቶ ፍሪ ስፒን ጨመሩልኝ። ያስገባሁትንም እጥፍ አደረጉልኝ። ቸሮች ናቸው።»

መንበረ ስልኩን ተቀብላ ፈለገች፤ ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አገኘች። ዛሬ ጠዋት ያወቀችውን ነው የሚለው። ከራሳቸው ገንዘብ የቀረው ዘጠኝ መቶ ብቻ ነው፤ አምስት መቶው በጨዋታው አልቋል። ሌላው ሁሉ ጉርሻ ነው፣ ቁጥር ብቻ። ጉርሻውን ሰርዘው ቢተዉት ዘጠኝ መቶው በሳምንት ውስጥ ወደ ባንካቸው ይመለሳል። ካልተዉት ግን አርባ እጥፍ እስኪጫወቱ ድረስ የራሳቸውም ታስሮ ይቀመጣል።

ቀስ ብላ ነገረቻቸው። እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ።

«ስለዚህ ዛሬ አይወጣም።»

«ዛሬ በምንም አይወጣም፣ ጋሼ።»

«እጫወተዋለኋ! አራት ሰዓት ገና ነው። በአንዴ ብዙ ብዙ ካስያዝኩ እጨርሰዋለሁ።»

«ዘጠኝ መቶውም ይሄዳል።»

«ያንቺ መቼ ሄደ? አንቺ ራስሽ አይደለሽ ጌታ ሰጠኝ ያልሽው? ለአንቺ የሰጠ ለእኔ ምን አድርጌው ይከለክለኛል?»

አንድ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ በሩን ከፍቶ ማንም ሳይወርድ ሄደ። መንበረ ጎናቸው ተቀመጠች።

«ለእኔም አልሰጠኝም፣ ጋሼ። ዛሬ ጠየቅኋቸው። ያ ሁሉ ገንዘብ የለም። አንድ ሌላም አለ። እርስዎ በእኔ ሊንክ ሲመዘገቡ ሃያ ዙር ጨመሩልኝ። ሰው ላመጣ ይሰጣል። እንደሚሰጥም ሊንኩን ስልክልዎ አውቅ ነበር።»

ጋሼ ደምሴ ዞረው አዩዋት።

«ሃያ ዙር ስንት ነው?»

«ሁለት ዶላር።»

«ሁለት ዶላር» አሉ። ከዚያ በአፍንጫቸው ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልረዘመም። «ሁለት ዶላር ነኛ እኔ። እኔ ደግሞ ትንሽ ከፍ የምል ይመስለኝ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ተይ እሱን አሁን።» ስልኩን ከእጇ መልሰው ወሰዱ። ጨዋታውን በሚያስጀምረው አረንጓዴ ክብ ምልክት ላይ አውራ ጣታቸውን አቀረቡ። «ሰው ነሽ፣ ሰው ይሳሳታል። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። እጅሽን እዚህ ላይ ጫኚና ጸልዪልኝ። ያንቺ ጸሎት ይሰማል፤ እኔ ባለቤቴ ታማ ሆስፒታል ሳለች አይቻለሁ። ጸልዪልኝና ልጫነው።»

መንበረ እጇን እጃቸው ላይ አደረገች። ጸሎት ለእሷ እንደ ትንፋሽ ነው፤ ቃል ፈልጋ አታውቅም። በሽተኛ ሲመጣ፣ የመኖሪያ ወረቀት ያልተሳካለት ሲመጣ፣ ሥራ የተባረረ ሲመጣ አፏን ትከፍታለች፣ ይመጣላታል። አሁንም መጣላት። «አባት ሆይ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ብትለው ደግሞ ቀላል ነው፤ ቢያንስ ሽማግሌው ብቻቸውን አልሆኑም ማለት ነው።

«አልጸልይም» አለች።

«ለእኔ?»

«ለእርስዎ ሁልጊዜ እጸልያለሁ። በዚህ ላይ ግን የጌታን ስም ሁለተኛ አልጠራም።»

እጇን ግን አላነሳችም። የመንገዱ ማዶ መብራት ቀላ፣ ሰዎች ተሻገሩ፣ እንደገና አረንጓዴ ሆነ።

«ሰርዝ የሚለው የቱ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

አሳየቻቸው። ሲጫኑት ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠየቃቸው፤ እርግጠኛ ነዎት? ሁሉንም ሽልማትዎን ያጣሉ። በሁለተኛው አዎ ላይ ሁለት ሺህ ስድስት መቶው ጠፍቶ ዘጠኝ መቶ ቀረ። ጋሼ ቁጥሩን አላዩም። ኮታቸውን ቆልፈው ተነሱ።

«አብሬዎ ልግባ፣ ጋሼ? እኔ የቢሮ ሠራተኛዋን ላስረዳት።»

«ምኑን ታስረጂያለሽ? ገንዘቡ የለኝም እላታለሁ፣ አለቀ። አሁን ከነገርኳት ቀጥሎ ላለው ሰው ዛሬውኑ ትደውልለታለች። እስከ አራት ሰዓት በከንቱ ለምን ይጠብቃል?»

በመስተዋቱ በር በኩል አየቻቸው። ቆመው ያወራሉ፤ የቢሮ ሠራተኛዋ ራሷን ትነቀንቃለች። ጋሼ ወንበር ስትሰጣቸው እንኳ አልተቀመጡም። ማታ የሚመለሱት ወደዚያው ሶፋ ነው።

የመንበረ ስልክ መልእክት አመጣ። ከኅብረቱ ውባየሁ ናት። «መኒዬ፣ ያንን የፍሪ ስፒን ሊንክ ላኪልኝ። ወንድም ባስልኤልም እፈልጋለሁ ብሏል፣ ለሁለታችንም።»

«ተበላሽቷል» ብላ ጻፈች። አየችው። አጠፋችው። «አሁን አይሠራም» ብላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው።

ደወለች።

«መኒ! ሊንኩን አልኩሽ እንጂ ደውዪ አልኩሽ እንዴ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለች ውባየሁ እየሳቀች።

«ውቤ፣ ረቡዕ ዕለት በጌታ ስም የተናገርኩት ነገር እውነት አልነበረም» አለች መንበረ። «አትዝጊው፤ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ።»