ሚጡ ያልሰማችው ሠርግ

ሚጡን ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት ሚጡ ገና ነፍስ አላወቀችም ነበር፤ ወንድማቸውም ውጭ አገር እንደሄደ ቀርቷል፤ እህቷ ግን ፀጉር መሥራት ጀምራ ነበርና ያንኑ ይዛ ቤቱን አቆመችው። ከፊት ለፊት ግድግዳ ሙሉ መስታወትና ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ያለው ፀጉር ቤት፣ ከጀርባው ሁለቱ የሚተኙባት ክፍል። ደንበኛ በበዛ ቀን የሻምፖው ሽታ ትራሳቸው ድረስ ይገባል። ሚጡ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ያደገችው ካስክ ሥር በተደረደሩ ሴቶች መሀል ነው። አንዷ ስታርምላት፣ ሌላዋ ያረመችውን ስታበላሽባት፣ እንደ ምንም ዩኒቨርሲቲ ገባች። ቢዝነስም መረጠች።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርት ክፍሉ ውጭ አገር ሄዶ የመማር ዕድል መኖሩን አስታወቀ። ክረምቱን ብቻ ድርጅት ውስጥ መለማመድ ይቻላል፤ አንድ ሴሚስተር ተምሮ መመለስም አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንዲት የወደብ ከተማ ላይ ዓመት ሙሉ ዓለም አቀፍ ንግድ ተምሮ ከሁለት ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ መያዝ ነው። ለእሱ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው። የሚጡ ልብ የሄደው እዚያ ላይ ነው።

"መርከብ በዓይኔ ሳላይ ስለ መርከብ ጭነት መፈተን ሰልችቶኛል" አለች ለእህቷ።

"እንግዲያው ወገብሽን ጠበቅ አድርጊያ!" አለች እህቷ።

ማታ ማታ የመጨረሻዋ ደንበኛ ስትወጣ ልምምድ ይጀመራል። እህቷ እግሯን አነባብራ የደንበኛ ወንበር ላይ ትቀመጥና ማበጠሪያዋን እንደ እስክሪብቶ ይዛ፣ ድምፅዋን አወፍራ፣ "የእኛን ዩኒቨርሲቲ ለምን መረጥሽ?" ትላለች።

ሚጡ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

"ተዪ እሱን! የቆመ መኪና የሚያስነሳ ሰው መሰልሽ እኮ። እንደገና!"

ሁለቱም እስኪያነቡ ይስቃሉ። ሚጡ በኋላ ያን ጊዜ ስታስበው፣ በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ያላት ጊዜ ያለ አይመስላትም።

ቃለ መጠይቁ ተሳካላት። ከጠያቂዎቹ አንዱ በመልሷ ስቀው ነበር። የፕሮግራሙ አስተባባሪ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው፣ እስከ በሩ ሸኟትና "የቀረን ከአሳዳጊሽ ጋር በስልክ መነጋገር ብቻ ነው" አሏት። እግሯ መሬት ሳይነካ ቤቷ ገባች።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስሟ የለም። ያለፈችው ተጠባባቂ የነበረችው፣ ክፍሉ ሁሉ ረጅሟ የሚላት ልጅ ናት። ሚጡ እያለቀሰች ወደ ቤት ሮጠች። እህቷ አረፋ በራሷ ላይ የተቆለለባትን ደንበኛ እንደዚያው ትታ መጥታ አቀፈቻት።

"ለምን እንደጣሉኝ ሄጄ አስተባባሪውን ልጠይቃቸው" አለች ሚጡ።

"ምን ብለሽ? እንዲያዝኑልሽ? የእኛ ቢጤ ያለው ኩራቱ ነው። ፊታቸው ላይ አታልቅሺ፤ ይቅርብሽ።"

እህቷ ክፉ መክራት አታውቅም። ሚጡም አልጠየቀችም። ረጅሟን ከሩቅ ባየች ቁጥር ግን መንገድ ትሻገራለች።

አንድ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ፣ ሚጡ የደረቁ ፎጣዎች ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። መስታወቱ ፊት የተቀመጠችው ረጅሟ ነበረች። እህቷ ማንነቷን ሳታውቅ ፀጉሯን በቢጉዲን ትጠቀልልላታለች።

"ውይ፣ ሙሽሪት!" አለች ረጅሟ በመስታወቱ ውስጥ አይታት። "አንቺም እዚህ ነው የምትሠሪው?"

"የቷ ሙሽሪት?" አለች ሚጡ።

"አታፍሪ እንጂ! አስተባባሪው ነግረውኛል እኮ። 'ልታገባ ስለሆነ አትሄድም ብላ እህቷ በስልክ ነገረችኝ' አሉ። እኔማ ላመሰግንሽ ስል ትሸሺኛለሽ። እንኳን ደስ ያለሽ!"

ካስክ ሥር የነበረች ሴትዮ ካስኩን ከራሷ ላይ ከፍ አድርጋ "ማናት የምታገባው?" ብላ ጮኸች።

ሚጡ በመስታወቱ ውስጥ እህቷን አየቻት። 'ውሸት ነው' እስክትላት ጠበቀች። 'ከሌላ ልጅ ጋር ተሳስተው ነው' ብትላት እንኳ ታምናት ነበር። እህቷ ግን ዓይኗን ከቢጉዲኑ አላነሳችም።

"ያንን ማድረቂያ ፎን አቀብዪኝ" አለቻት።

ሚጡ ያን ጊዜ እውነት መሆኑን አወቀች። ፎኑን አቀበለቻት፤ ፎጣዎቹን ቦታቸው ላይ አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ገባች። እህቷ የዚያን ቀን ሠርታ አልጨርስ አለች። የተሠራ ፀጉር እየፈታች እንደገና ትሠራለች፣ የተጠረገ ትጠርጋለች። በመጨረሻ የምትይዘው ስታጣ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እቴቴ፣ ማንን ነው የማገባው?" አለች ሚጡ።

"ሚጡዬ..."

"ስሙን ብቻ ንገሪኝ። የራሴን ባል ልወቀዋ።"

እህቷ ማልቀስ ጀመረች። "ወንድምሽም 'አንድ ዓመት ተምሬ እመጣለሁ' ብሎ ነው የሄደው። እናታችን ስትቀበር ስልክ እንኳ አላነሳም። ሰውየው ደውለው 'ትለቂያታለሽ ወይ' ሲሉኝ እሱ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ሠርግ የሚለው ቃል እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።"

"እሺ፣ አመለጠሽ እንበል። ከዚያ በኋላስ? ሳለቅስ አቅፈሽኝ አልነበር? እንዳልጠይቅ የከለከልሽኝስ?"

እህቷ የአልጋ ልብሱን ጫፍ ታጥፍ ትዘረጋ ጀመር።

"ማታ ማታ ስታለማምጂኝስ? ያን ጊዜም ልታስቀሪኝ አስበሽ ነበር?"

"ኧረ በፍጹም!" አለች እህቷ፣ እንባዋን እየጠረገች። "ያን ጊዜማ የምታልፊ አልመሰለኝም።"

ለማጽናናት ያለችው ነው። ሚጡን ግን ከሠርጉ ይልቅ ይህቺ ቃል አንጀቷን ቆረጠቻት። ያ ሁሉ ሳቅ ለካ የእሷን መውደቅ ተማምኖ የተሳቀ ነው። ልብሷን በከረጢት ጠቀጠቀችና ተማሪዎች መኖሪያ ወዳለች ጓደኛዋ ሄደች። እህቷ እስከ በሩ ተከተለቻት፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልደፈረችም።

ሰኞ አስተባባሪው ነገሩን ሲሰሙ ግንባራቸውን ያዙ። "ልጄ፣ ካንቺ አፍ አለመስማቴ የእኔም ጥፋት ነው" አሉ። የወደቡ ከተማ ግን አምልጧል፤ የረጅሟ ቪዛ ወጥቶ አልቋል። የቀረው የአንድ ሴሚስተር ዕድል ነው፣ መርከብ ቀርቶ ጀልባ የሌለበት፣ ከባሕር የራቀ ከተማ፤ ትምህርቱም ባብዛኛው ሂሳብ አያያዝ።

"እሄዳለሁ" አለች ሚጡ። "ለእኔ ጉዳይ ግን ከእንግዲህ ሌላ ሰው አይጠየቅልኝ።"

ሄደች፣ ተማረች። በየሳምንቱም ወደ እህቷ ትደውል ነበር፤ ስለ ብርዱና ስለ ምግቡ ያወራሉ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተመለሰች። እህቷ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዳ ተቀበለቻት፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ "መጣሽልኝ፣ መጣሽልኝ!" እያለች ሰው ሁሉ እስኪያያቸው አለቀሰች። ሚጡም አቀፈቻት። ትወዳታለች፤ እሱስ አልጠፋም።

ከተመረቀች በኋላ አንድ አስመጪ ድርጅት ቀጠራት። እሁድ እሁድ እህቷን ሳትጠይቅ ቀርታ አታውቅም፤ ምሳ አብረው ይበላሉ፣ የደንበኞቹን ጉድ እያነሱ ይስቃሉ። ይሁንና ሥራ መያዟንም፣ ቤት መከራየቷንም፣ ለማስተርስ አመልክታ ውጭ አገር ተቀባይነት ማግኘቷንም እህቷ የሰማችው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።