የከተራ ቀን ቆጠራ

የባለቤቴ የመልካሙ ሥራ ወፍ መቁጠር ነው ስል ሰው ይስቅ ነበር። ሥራው እሱ ብቻ አልነበረም። የጣና ውኃ በየዓመቱ እስከ የት እንደሚሸሽ፣ ደንገሉ ምን ያህል እንደሳሳ፣ እምቦጩ የት እንደደረሰ ይመዘግባል። ሰው የሚያስታውሰው ግን ወፉን ነው፤ እኔም እንደዚያው። በባጃጅ ስንሄድ ድንገት «ቁም! ቁም!» ይላል። ሹፌሩ ሰው የገጨ መስሎት ክው ሲል፣ መልካሙ አንገቱን አውጥቶ የመብራት ምሰሶ ላይ የተቀመጠ ጭልፊት ያያል። የሠርጋችን ፎቶ ላይ ሁላችንም ወደ ካሜራው ስናይ እሱ ብቻ ወደ ሰማይ አንጋጧል።

እኔ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ወፍ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። ጥቂቱን ያወቅሁት ከእሱ ጎን ተቀምጬ ነው፤ የቀረውን ካረፈ በኋላ፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ መጻሕፍቱን እያገላበጥሁ።

ከሁሉ የሚወድደው ቆጠራ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥር ስድስት ቀን የሚያደርገው ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር፣ ጋሽ ሳሊህ የሚባሉ ዓሣ አስጋሪ ከሚኖሩበት መንደር አጠገብ አንድ ረግረግ አለ። እዚያ ባለ ዘውዶቹ ያድራሉ፤ እግራቸው ረጅም፣ ላባቸው ጥቁር፣ አናታቸው ላይ እንደ ወርቅ ክር የተበተነ ዘውድ ያላቸው ወፎች። ፀሐይ ስትወጣ ለቀማ ወደ ማሳ ይበርራሉ። ስለዚህ መቆጠር ያለባቸው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሳይነሡ ነው። መልካሙ መቁጠር የጀመረ ዓመት አርባ አንድ ነበሩ። ከዚያ የውኃ ሞተር መጣ፣ ሽንኩርት መጣ፣ ጫት መጣ፤ ረግረጉ ከዳር ከዳር እየተቆረሰ ማሳ ሆነ። ካቻምና ሃያ ቆጠረ።

«ለምን የግድ ጥር ስድስት?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ቀኑን ካዛነፍሽው የዘንድሮው ቁጥር ካምናው ጋር አይነጋገርም» አለኝ።

አምና ጥር ሲገባ መልካሙ ኩላሊቱን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ባዶውን የቆጠራ ወረቀት ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝ።

«አንቺ ትሄጃለሽ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማንን ልላክ? ባለ ዘውዶቹን ብቻ እንዳትስቻቸው። ሌላውን ብትሳሳቺ እግዜር ይቅር ይልሻል።»

«አንተስ?»

«እኔ እንጃ!»

ጥር ስድስት ሊነጋጋ ሲል ከሆስፒታል ወጣሁ። ጫማ ልቀይር ቤት ገባሁ። ዘጠኝ ሌሊት ተከታትሎ ከመልካሙ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ ነበር ያደርሁት። የግራ ጫማዬን አውልቄ አልጋችን ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ስነቃ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል።

እንዴት አድርጌ ልንገረው? በሩን ከፍቼ ስገባ ትራሱን ተደግፎ ይጠብቀኛል።

«እህ? ስንት?»

«ቆጥሬያለሁ» አልሁ። «ወረቀቱን ጭቃ ነክቶታል። በንጹሕ ገልብጬ አመጣልሃለሁ።»

ትክ ብሎ አየኝና «እሺ» አለ።

ከዚያ በኋላ እሱን ትቼ የምሄድበት ቀን አጣሁ። እኅቴ ወንጌላዊት ከሥራ ዕረፍት ያገኘችው ጥር ዐሥር፣ የከተራ ዕለት ነው። እሷን አስቀምጬ፣ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገና ሳይነጋ ወደ ረግረጉ ሮጥሁ። የአጥቢያው ታቦት ወደ ሐይቁ የሚወርደው እዚያው አቅራቢያ መሆኑን ያወቅሁት ስደርስ ነው። ሰዉ ገና በማለዳ ድንኳን ይተክላል፣ ከበሮ ይመታል፣ ወጣቶቹ ይጨፍራሉ፤ አልፎ አልፎም ተኩስ ይሰማል። ለእኔ ይህ ምንም አልመሰለኝም። በዓል ነው። ፔሊካኖች አየሁ፣ ነጫጭ ሳቢሳዎች አየሁ፣ ዳክዬ አየሁ። ባለ ዘውድ ግን አንድም አላየሁም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ፈለግሁ። በመጨረሻ በባለ ዘውዶቹ መስመር ላይ «ዜሮ» ብዬ ጻፍሁ፤ ከላይ ደግሞ ቀኑን «ጥር 6» አልሁ።

ማታ ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበው፣ አጠፈው፣ ትራሱ ሥር አስገባው። «እንግዲህ…» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ስለ ወፎቹ ዳግመኛ አላነሣልኝም። የካቲት ሦስት ቀን አረፈ።

ሰው ባሏን ያጣች ሴት የምታለቅሰውን ያውቃል፤ እኔም እሱን አለቀስሁ። ከሥሩ ግን ለማንም ያልነገርሁት ሌላ ነገር ነበር። መጻሕፍቱን ሳነብ፣ እነዚህ ወፎች ሁካታ እንደሚሸሹ አየሁ። ታዲያ በከተራ ቀን ያጣኋቸው ሸሽተው ቢሆንስ? መልካሙ የዕድሜ ልክ ልፋቱ ከንቱ ቀረ ብሎ የሞተው በእኔ ውሸት ቢሆንስ? ሄጄ ላጣራ እልና እፈራለሁ። ወፎቹን ካጣኋቸው በእርግጥ ጠፍተዋል። ካገኘኋቸው ደግሞ ለሚሞት ሰው ሐሰት ነግሬዋለሁ። የትኛውን ልመኝ?

ዘንድሮ ጥር ስድስት ግን ሄድሁ። በዋዜማው ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ወንበር ላይ ነው ያደርሁት።

ስደርስ ገና ድንግዝግዝ ነው። አምና ቆሜበት የነበረው ቦታ አሁን የሽንኩርት መደብ ሆኗል፤ ቦዩን ተሻግሬ ወደ ውኃው ወረድሁ። ጭጋግ ስለነበር ምንም አይታይም። ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፤ አፍንጫውን በያዘ ሰው የተነፋ ጡሩምባ የመሰለ፣ ሁለት ጊዜ። ሌላው መለሰለት። ጭጋጉ ሲሳሳ ዘውዶቹ ታዩኝ፣ ከታች ወደ ላይ በሚመጣው ብርሃን፣ አንዱ ካንዱ አጠገብ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መነጽሩን ግን ከዓይኔ አወረድሁት። ነበሩ። አምናም ነበሩ። ዋሽቼዋለሁ።

ከደንገሉ መሐል አንዲት ታንኳ ብቅ አለች። ጋሽ ሳሊህ ናቸው፤ መረባቸውን እግራቸው ሥር ጠቅልለው ቆመው ይቀዝፋሉ።

«አንቺ ልጅ!» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዘንድሮስ በቀኑ መጣሽ!»

«በቀኑ?»

«አምና በከተራ መጥተሽ አልነበር?»

«አይተውኝ ነበር?»

«ማን ያላየሽ አለ! አገር ምድሩ ወደ ጭፈራው ሲያይ አንቺ ብቻ ጀርባሽን ሰጥተሽ ረግረጉን በመነጽር ትቃኛለሽ። ሚስቴ ዘኪያማ ‹ይች ሴትዮ ደኅና አይደለችም፣ ሂድና አናግራት› አለችኝ። ስደርስ ሄደሻል። ወዲያው ለመልካሙ ደወልሁለት።»

«ለመልካሙ? ምን ብለው?»

«‹ሚስትህ በከተራ ወፍ ልትቆጥር መጥታለች፤ የነገርሃት ነገር የለም ወይ?› አልሁት። እኔ ሙስሊሙ እንኳ አውቀዋለሁ። ከበሮና ተኩስ ሲሰሙ ማዶ ይሻገራሉ፤ የቃና ታቦት በገባ ማግሥት ይመለሳሉ። የናንተን በዓል ማለቅ የማውቀው በነሱ ነው።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ ስልሽ! እስኪያስለው። ስልኩን የጣለው መስሎኝ ነበር።»

ያን ዕለት ማታ ወረቀቱን ስሰጠው ሁሉን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ወደ ግድግዳው የዞረው ፊቱን ሊደብቀኝ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» አልሁ። ድምፄ ከፍ ስላለ ጋሽ ሳሊህ በእጃቸው ዝም አስባሉኝ፤ ወፎቹን እያሳዩ።

«እኔም ጠይቄዋለሁ» አሉ። «‹ጥር ስድስት የመጣች ጊዜ ጉንጯ ላይ የትራስ ጥለት ታትሞ ነበር› አለኝ። ‹ዘጠኝ ሌሊት በወንበር ያደረች ሰው ናት። እንኳን ተኛች። አሁን ብነግራት ታፍራለች፤ ስድን ራሴ ይዣት እመጣና እናንተ ፊት እስቅባታለሁ› አለ። ይድናል ብለን ነበር ሁላችንም።»

ታንኳዋን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ወፎቹ ሲመለሱ ቆጥሬ ነገርሁት» ብለው ቀጠሉ። «አሥራ ስምንት ነበሩ። ለመሥሪያ ቤቱ የላከው እሱን ቁጥር ነው፤ ‹ቀኑ የዘገየው በእኔ ሕመም ነው› ብሎ ጽፎበት። ያንቺ ወረቀት የትም አልሄደም።»

«ለቅሶ ላይ እንኳ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ዓመት ሙሉ!»

«በለቅሶ ላይ ስለ ወፍ ይወራል እንዴ? ደግሞ ነግሮሽ የሞተ መስሎኝ። እሱ ምን የሚደብቀው ነገር ነበረው? ያየውን ሁሉ የሚለፈልፍ ሰው!»

እውነታቸውን ነው። ይህችን አንዲቷን ብቻ ነበር የደበቀኝ።

ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ። እምባዬ መጣ፤ ግን ያው የምንጊዜው እምባ አልነበረም፤ መሐሉ ላይ ሳቅ ያቋርጠዋል። አፌን በነጠላዬ አፍኜ ሳቅሁ። ጋሽ ሳሊህ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ እሳቸውም ጀመሩ። ታንኳዋ ከሥራቸው ተወዛወዘችና መቅዘፊያቸውን መሬት ተክለው ዳኑ።

«ተነሽ፣ ተነሽ» አሉኝ። «ፀሐይ ልትወጣ ነው። ሊነሡ ነው። ቁጠሪ!»

ተነሣሁ። መነጽሩን ወደ ዓይኔ መለስሁ። ከግራ ጀመርሁ፣ መልካሙ እንዳሳየኝ፣ አንዱን ሳልጨርስ ወደ ሌላው ሳልዘልል። አናታቸው ቡናማ የሆነ፣ ዘውዳቸው ገና ያልጎለመሰ ሦስት ጫጩቶች ከእናቶቻቸው ጎን ቆመዋል። ክረምት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ከተቆረሰው ረግረግ በተረፈችው ደንገል ውስጥ።

«ሃያ አንድ» አልሁ።

«ሃያ» አሉ ጋሽ ሳሊህ።

«ሃያ አንድ ናቸው፣ ጋሽ ሳሊህ።»

«ያችን ክንፏን የዘረጋችውን ሁለቴ ቆጠርሻት። በባዶ ዓይኔ አየሁሽ።»

«በባዶ ዓይን ነው ከመነጽር የሚበልጡት?»

«ይህ ዓይን ዓሣ በጭቃ ውኃ ውስጥ ያያል፣ ልጄ!»

ከአርባ አንድ ጋር ሲተያይ ሃያም ሃያ አንድም ትንሽ ነው፤ አውቃለሁ። ሞተሩም ከኋላዬ መንተክተክ ጀምሯል። ግን አሉ፤ ልጅም አሳድገዋል። እሱም መኖራቸውን እያወቀ ነው የሄደው። ፀሐይዋ ከሐይቁ ጫፍ ብቅ ስትል አንዷ ጮኸች፤ ሁሉም ባንድ ላይ ተነሡና በራሳችን ላይ አለፉ፣ ክንፋቸው እስኪሰማ ዝቅ ብለው። ሳይነሡ የቆጠሩትን ሲበርሩ ማጣራት ይቀልላል ብሎኝ ያውቃል። አንጋጥጬ ቆጠርሁ።

ሃያ ናቸው።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ጋሽ ሳሊህ፣ ፊቴን እያዩ።

«ሃያ» አልሁ።

«አላልሁሽም?» አሉና መረባቸውን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ።