ከጆሮ ጀርባ

ወረቀቷ ሳትቀደድ ወጣች። አዛውንቱ በሁለት ጣታቸው ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው የማርሽ ጥርሶቹን ምልክት አዩባት። ከሞተሩ ትንሽ ጥርስና ከትልቁ የላስቲክ ጥርስ መካከል ቀጭን ወረቀት አስገብቶ፣ ሁለቱን አጠጋግቶ፣ ብሎኑን አጥብቆ ወረቀቱን መሳብ በሪሞት የሚነዱ መኪኖች በሚወዳደሩበት በዚህ ሜዳ ሁሉም የሚያውቀው ዘዴ ነው። ወረቀት ግን ግምት ነው። ቁርጡን የሚናገረው ድምፅ ነው፤ የጠበቀ ጥርስ ያለቅሳል፣ የላላ ያንኳኳል። እሳቸው ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ልቅሶውንም ማንኳኳቱንም አልሰሙም። ይህን ካማከሯት የጆሮ ሐኪም በቀር ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

በአውቶቡስ ጋራዥ በሠሩበት ሠላሳ አንድ ዓመት የወጣላቸው ቅጽል ስም «ማዳመጫ» ነበር። አውቶቡሱ ገና በሩን ሳያልፍ «ሦስተኛው ማርሽ ነው» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ተፈቶ ሲታይ እውነትም ሦስተኛው ማርሽ ሆኖ ይገኛል። ካቻቢቴ ሞተር ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ የሚለጥፍ ወጣት መካኒክ ካዩ «ይኸው ደግሞ በምርኩዝ የሚሰማ መጣ» እያሉ ጋራዡን ያስቁበት ነበር። ጡረታ ሲወጡ ከዚያ ሁሉ ሥራ የቀረቻቸው ከሁለት ኪሎ ስኳር የማትከብድ የልጃቸው መኪና ናት። ልጅቷ ትነዳለች፣ እሳቸው ያስተካክላሉ። ዛሬ ከአንድ እስከ ሦስት ከወጣች በክለቡ ዋና ቡድን ትሰለፋለች፤ ሦስት ዓመት የለፋችው ለዚህ ቀን ነው።

«አባዬ፣ ሞላው እንዴት ሆነ?» አለች ከጠረጴዛው ማዶ።

መኪናዋን በመዳፋቸው ወደ ታች ተጭነው ለቀቋት። ሜዳው ትናንት በጣለው ዝናብ ተቦርቡሯል፤ ስለዚህ ከማለዳው ጀምሮ የፊቱን ሞላ ለስለስ ባለ ለውጠው፣ የአሞርዛተሮቹንም ዘይት በቀጠን ያለ ተክተዋል። መኪናዋ ከሶፋ እንደሚነሳ ሰው ረጋ ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ለዚህ ጣት ይበቃል።

«ልክ ነው።»

«ጥርሱስ?»

ልጅቷ መኪናዋን ሣጥን ላይ አስቀምጣ ሪሞቱን ስትነካ ጎማዎቹ አየር ላይ ተሽከረከሩ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ፊታቸውን እያየች ፍርዳቸውን ጠበቀች። የሚሽከረከረውን አዩ እንጂ የሰሙት ነገር አልነበረም። ያለፈው ቅዳሜም እንዲሁ ነበር። ያኔ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መኪናዋም ውድድሩ ሳይጋመስ ጥርሷ ተላጭቶ ቆመች። ልጅቷ በቀጥታ የመለዋወጫ ሻጩ ጋ ሄዳ «የበሰበሰ ዕቃ እየሸጥክ ሰው ታዋርዳለህ» ብላ ሰውዬውን አፈር አስጋጠችው። እሱ ይቅርታ ጠይቆ አዲስ ጥርስ ሲሰጣት አባት አጠገቧ ቆመው የሱቁን ጣሪያ ያዩ ነበር።

አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቷ መኪናዋን አንስታ ወደ መነሻው መስመር ልትሄድ ስትል ግን እጇን ያዙ።

«አልሰማሁም» አሉ።

«ምኑን?»

«ጥርሱን። ከሰማሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ያለፈው ሳምንት ጥፋትም የኔ ነው፤ አጥብቄው ነበር። ሻጩ ምንም አላጠፋም።»

«ሰውዬውን እኮ ሰደብኩት» አለች ልጅቷ። የምትለውን ሁሉ ከአፏ ላይ ነበር የሚያነቡት። «አንተም አጠገቤ ቆመህ ነበር።»

«ቆሜ ነበር።»

«ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?»

«ጆሮው ከሄደ ከኔ ጋር ምን ትሠራለች ብዬ ፈራሁ።»

ልጅቷ መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ ካለው ሣጥን ላይ መልሳ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች መኪኖቻቸውን ታቅፈው ወደ መነሻው እየሄዱ ነበር፤ አምስት ደቂቃ ቢቀር ነው። አዛውንቱ አፈሩ፤ እንደ እሳቸው የተከበረ ባለሙያ በስተርጅና ሊያፍር የሚችለውን ያህል አፈሩ። ከዚያ ሐኪሟ የሚንቀጠቀጥ ብረት ከጆሯቸው ጀርባ አጥንት ላይ ስታሳርፍ ድምፁ ጥርት ብሎ እንደገባላቸው ትዝ አላቸው። «ነርቩ ጤነኛ ነው፤ መንገዱ ነው የተዘጋው» ነበር ያለቻቸው።

ከዕቃ ሣጥኑ ረጅሙን ካቻቢቴ አወጡ። ጫፉን የሞተሩ መቀመጫ ላይ ተክለው እጀታውን ከጆሯቸው ጀርባ አሳረፉ።

«አስነሻት» አሉ።

አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ዞር ብለው እንደሚያዩ አውቀዋል። ልጅቷ ሪሞቱን ነካችው፣ ድምፁም በአጥንታቸው ውስጥ መጣ። ሞተሩ፣ ኩሽኔታው፣ ከዚያም በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ የምትመጣ ቀጭን ልቅሶ። አዲሱ ጥርስ ፍጹም ክብ አልነበረም፤ እዚያች ላይ ይነክሳል። ዓይናቸው እንባ ቢያቀርርም እጃቸው አልቆመም። ብሎኑን ላላ፣ ሞተሩን የፀጉር ያህል ፈቀቅ፣ መልሰው ጠበቅ አደረጉና እንደገና አዳመጡ። ልቅሶዋ ጠፍታ ወጥ የሆነ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«አንድ ቦታ ይነክስ ነበር። አሁን ልክ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሰምቼዋለሁ» አሉ፤ ቃሉን ሲያወጡት ደስ አላቸው።

ልጅቷ ቁጣዋ ገና አልበረደም፣ ከንፈሯ ግን በፈገግታ ሊከዳት ምንም አልቀረው። «ሰኞ ሻጩ ጋ አብረን እንሄዳለን። ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«ከዚያ የጆሮ ሐኪም ጋ።»

«እሺ።»

መኪናዋን መስመሩ ላይ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ነጂዎቹ ወደሚቆሙበት ማማ መሰላሉን ወጣች፤ ልትደርስ ስትል ዞር ብላ አንድ ነገር ተናገረቻቸው። የሦስት ወር ልማድ ነውና ራሳቸው ሊነቀነቅ ጀመረ። አቆሙት።

«አልሰማሁሽም!» ብለው በሰው ሁሉ ፊት ጮኹ። «ድገሚልኝ።»

ልጅቷ ሪሞቱን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ሁለት ደረጃ ወረደች፤ ፊቷን ወደ እሳቸው አዙራ፣ ሳትቸኩል ደገመችላቸው።